ጭጋጉ ለምን ተቀየመ

እንግዳ በማስቀረት የሚወዳደረን ያለ አይመስለኝም። ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው "እንግዲህ ልነሳ" ከማለቱ አንዷ ጫማውን አልጋ ሥር ትወሽቃለች፣ አንዱ በሩ ላይ ይቆማል፣ እናት "እራት ደርሷል" ይላሉ፤ እራቱ ግን ገና አልተጣደም። አባት ደግሞ በመስኮት አንጋጠው ዝናብ ሊመጣ መሆኑን ያስታውቃሉ። ዲላ ውስጥ ከሁሉ የሚሠራው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ሊመጣ ነውና። እንግዳው እንደ ወጉ ትንሽ ተግደርድሮ ይቀመጣል፤ ጫማውም ከአልጋ ሥር ይወጣል፤ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል።

ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እንዲህ ይቀራል። ከተማ ለቆ የሚሄድ ሰው ግን እንዴት ይቀራል? ለዚህ የሚሆን ዘዴ የነገረኝ የለም። ሌላ ከተማ ሥራ ያገኘ ሰው ጫማውን ብትደብቁበት በነጠላ ጫማ ይሄዳል።

ሰውየው በረከት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ሲጠግን ከኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል፤ የሚገርመው ኮምፒውተሩም የሚሰማው ይመስላል። አዳማ ሥራ ተገኘለት። ሲነግረኝ "ገና አልወሰንኩም" የሚል ነገር ጨመረበት። ሌላውን ትቼ እሷን ያዝኩ።

"አትሂድ" ለምን አላልከውም ትሉኛላችሁ። ወንድ ለወንድ እንዲህ አይባባልም። ቢያንስ እኔ የማውቃቸው ወንዶች አይባባሉም። "እንኳን ደስ ያለህ" ይላሉ፣ ትከሻ ይጋጫሉ፣ ከዚያ ቤታቸው ገብተው ጣሪያ ሲያዩ ያመሻሉ። እኔም ትከሻዬን አጋጨሁ። ጣሪያ ማየት ግን አይሆንልኝም፤ ከዚያ ይልቅ ማቀድ ይቀለኛል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት ስሙን አነባለሁ፣ ከሰጠሁ በኋላ ደግሞ በሽተኛውን ከደጅ መልሼ እንደገና አነባለሁ። በዚህ ምክንያት ጓደኞቼ "ዶክተር" ይሉኛል። ዶክተር አለመሆኔን ስለሚያውቁ ነው የሚጣፍጣቸው።

እናም አንድ ጨዋታ አቀድኩ።

ጨዋታውን አዲስ አበባ አድጎ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ አንድ ልጅ ነው ያስተማረን። ኳስ የለውም፣ የመጫወቻ ካርታ የለውም፣ ስክሪን የለውም። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ይሆንና ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው "እንዲህ አደርጋለሁ፣ ወዲያ እሄዳለሁ" ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይወስናል። ባጭሩ ዳኛ ያለው ተረት ነው። እስከዚያ ቀን የተጫወትናቸው አጫጭር ነበሩ፤ ባንድ ቁጭታ ያልቃሉ። አሁን ያቀድኩት ግን ረጅም ነው። ከተማው ራሱ ዲላ ነው፤ ጀግኖቹ በሥውር ልዩ ኃይል ያላቸው የዲላ ነዋሪዎች ናቸው፤ ታሪኩም እንኳን በወር በዓመት አያልቅም። ምክንያቱ አይጠፋችሁም። አንድ ሰው ዲላን ከክፉ ኃይል ማዳን ከጀመረ በኋላ መሀል ላይ ጥሎ አዳማ መሄድ ያሳፍረዋል ብዬ ነው።

ስቃችኋል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ቁም ነገሬ ነበር።

የምንጫወተው እሑድ ከሰዓት በኋላ የፈትያ አባት የፍራሽ መጋዘን ውስጥ ነው። ፈትያ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት፤ ሱቁን ከአባቷ ጋር ትመራለች፤ ሰው ፊት ለፊት መናገር የማይከብዳት እሷ ብቻ ናት። እዚያ ጫማ አውልቀን በላስቲክ በተጠቀለሉ ፍራሾች ላይ ወጥተን እንቀመጣለን። ፍራሽ ላይ ዳይስ አይንከባለልምና በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳን ውስጥ እንጥላለን። የከተማዋን ካርታ ከታችኛው ጫፍ ከጭጩ እስከ ላይኛው መውጫ ድረስ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ሣልኩ። ሰዎቹ ቆርኪዎች ናቸው።

ኃይላቸውን ራሳቸው መረጡ። በረከት መብራት ሲጠፋ የሚበራ ሰው ሆነ፤ ከተማው በጨለመ ቁጥር እሱ ይፈካል። ዲላ ውስጥ ሥራ የማይፈታ ጀግና ነው። ፈትያ የተቀመጠችበት ተሽከርካሪ ሁሉ ወደ ሰማይ ይበርራል፤ እሷም ባጃጅ መረጠች። አራተኛችን ታሪኩ የሚባል የኮንጋ መንደር ልጅ ነው፤ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል፤ አባቱ በሶንጎ፣ ማለትም በጌዴኦ ሽማግሎች ሸንጎ፣ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ታሪኩ የመረጠው ከዛፍ ጋር መነጋገርን ነው። "የቡና ጥላ የሆኑት ትልልቆቹ ዛፎች ሥራቸው ወሬ መስማት ነው፤ ያልሰሙት የለም" አለ።

ክፉውን ኃይል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስሙ ጭጋጉ ነው። ከከተማዋ መውጫዎች ላይ ይተኛል። ወደ ሀዋሳ የተነሳ አውቶቡስ ይገባበታል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ሲወጣ ራሱን እዚያው ዲላ መናኸሪያ ያገኘዋል። ወደ ይርጋጨፌ የሄደውም እንደዚያው መንገድ ላይ ያለችውን ወናጎን እንኳ ሳያይ ይመለሳል። ማንም ከዲላ መውጣት አይችልም። በዚህ ክፉ ሐሳብ እንዴት እንደረካሁ አልነግራችሁም። ፍጥነቱን ወሰንኩ፣ ቅዝቃዜውን ወሰንኩ፣ ነፋስ ሲመጣ ምን እንደሚሆን፣ በእሳት ቢመጡበት፣ በውሃ ቢመጡበት፣ ከላይ ቢመጡበት ምን እንደሚያደርግ አዘጋጀሁ። ሊመታ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ አሰብኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

እሑድ ተሰበሰብን። ጭጋጉን ተረክሁላቸው፤ ጥሩ አድርጌ ተረክሁት መሰለኝ፣ ፈትያ ሻሽዋን እስከ አፏ ድረስ ሳበች። ስጨርስ "እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ?" አልኩ።

ታሪኩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ሰውየው ዘመድ የለውም?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ጭጋጉ ነዋ።"

"ጭጋግ ነው እኮ፣ ታሪኩ።"

"ይሁን። ከመምታታችን በፊት ሽማግሌ ይላክበት። ዝም ብሎ ይመታል እንዴ? ነውር አይደለም?"

"ልክ ነው፤ እንዲያ ይሻላል" አለች ፈትያ። በረከትም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተንተባተብኩ። "ጀግኖች ናችሁ! ልዩ ኃይል አላችሁ!"

"ጀግና ሽማግሌ አይልክም ያለህ ማነው፣ ዶክተር?" አለ ታሪኩ። "ኃይላችንንማ እንጠቀምበታለን። ፈትያ በባጃጅ ትወስደናለች፤ በረከት ፋኖሳችን ነው።"

"ፋኖስ አያትህ!" አለው በረከት።

በዚህ መሀል ጋሽ ሸምሱ ለደንበኛ ፍራሽ ሊያወጡ ገቡ። ፈትያ እሳቸውን ሳታይ "በሀዋሳ በኩል መንገዱን እንደዘጋው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጋሽ ሸምሱ የያዙትን ፍራሽ ለቀቁት። "ማነው የዘጋው? መኪናዬ እኮ ገና አልገባም!"

"ጨዋታ ነው አባዬ። ጭጋግ ነው።"

ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ፤ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩንና ፍራሻቸውን መልሰው አቀፉ። "እናንተስ ምን ልታደርጉት ነው?"

"ሽማግሌ ልንልክበት" አለ ታሪኩ በኩራት።

"ደግ። መንገድ የሚዘጋ ሰው አንድ ነገር ቢከፋው ነው። መጀመሪያ በምን እንደተቀየመ ጠይቁት" አሉና ፍራሹን እየገፉ ወጡ።

እኔ በተቀመጥኩበት ቀዘቀዝኩ። የጭጋጉን ፍጥነት አውቃለሁ። ቅዝቃዜውን አውቃለሁ። በምን እንደተቀየመ ግን አላዘጋጀሁም።

ሦስቱ ወደ ጭጋጉ ሄዱ። ባጃጇ በረረች፣ በረከት በራ፣ ዛፎቹም ጭጋጉ መሀል ሆኖ ሲያለቅስ ሰምተናል ብለው ለታሪኩ ነገሩት። (ይህን ዛፎቹ የተናገሩት በእኔ አፍ ነው፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።) ሲደርሱ ጭጋጉ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። ታሪኩ ግን ፍራሹ ላይ ብድግ አለ። ሁለቱም ተከትለውት ተነሱ። እንደምታውቁት ለትልቅ ጉዳይ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ፍራሽ ላይ ቆሞ መከበር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሦስቱም እንደ ሰካራም ይወዛወዛሉ፤ ፈትያ ሳቋን ለመቆጣጠር የታሪኩን ትከሻ ይዛለች።

"የመጣነው ለእርቅ ነው" አለ ታሪኩ የአባቱን ድምፅ አውጥቶ። "በምን ተቀየምክ? ከሆድህ አውጣው።"

"ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" አልኩ። "ላዘጋጀው።"

"ቅሬታ ይዘጋጃል እንዴ? ዶክተር፣ በናትህ! ቆመን እኮ ነው!"

አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ ሌላ ምክንያት ለማግኘት ለፋሁ። የጥንት እርግማን ልበል? የተሰረቀ ሀብት? ሁሉም የውሸት መሰለኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ሰዎች ይሄዳሉ" የሚለው ነበር። "ሁሌ ይሄዳሉ። ጭጋጉ ደግሞ የሚሄድበት ቦታ የለውም። አንድ ሰው እንዳይሄድበት ብሎ ነው ለሁሉም የዘጋው።"

መወዛወዙ ቆመ። ፈትያ ወደ በረከት አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። ታሪኩም ገባው፤ ግን ሽማግሌ ነውና ነገሩን ከመንገዱ አላስወጣውም። ቀስ ብሎ "ለሰውየው ነግሮታል?" አለኝ።

"አልነገረውም።"

"ለምን?"

"ያፍራል።"

በረከት ጉሮሮውን ጠረገ። ሁልጊዜ ሳቅ የሚቀድመው ልጅ አሁን ካርቶኑን ነው የሚያየው። "እንግዲያው ሽማግሎች መልእክት አድርሱልኝ" አለ። "ለጭጋጉ ንገሩልኝ። ሰውየው እሺ ካለ ቆይቷል። ፈርሟል። ገና አልወሰንኩም ያለው መናገር አቅቶት ነው። እሱም ያፍራል።"

ያን ሁሉ ጭጋግ የዘረጋሁት አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ነበር ማለት ነው።

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። መጀመሪያ የተናገረችው ፈትያ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ደፋር አልነበረም። "አጫዋች፣ ጭጋጉ ምን አለ?"

መመለስ ነበረብኝ። የጨዋታው ሕግ ነው፤ ሲጠየቅ የሚመልሰው አጫዋቹ ነው። "ምንም አላለም" አልኩ። "ከመንገዱ ላይ ተነሳ። በሀዋሳ በኩልም፣ በይርጋጨፌ በኩልም።"

"እንግዲህ እንቀመጣለን" አለ ታሪኩ። ተቀመጡ። በረከት ግን ከነሱ ጋር አልተቀመጠም፤ ዞሮ መጥቶ ከእኔ ጎን ተቀመጠና በትከሻው ገፋኝ። ገፋሁት። ስለ ጉዳዩ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

በሳምንቱ ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው፤ ታሪኩ ሻንጣውን ተሸከመ፣ ፈትያ ስንቅ አስያዘችው፣ እኔ የሆድ ሕመም መድኃኒት ሰጥቼው አወሳሰዱን እንደገና አስረዳሁት።

ያ ሁሉ የጦርነት ዕቅዴ ሳይነካ ቀረ። የተዋጋ የለም፣ ጭጋጉም ላይ በእሳትም በውሃም የመጣ የለም። የቀረነው ሦስታችን አሁንም እሑድ እንገናኛለን፤ መብራት ሲጠፋ እንደ ማንኛውም ሰው በስልካችን እናበራለን። ተሸንፌ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሽማግሌ የገባበት ነገር ላይ አሸናፊውን መለየት ያስቸግራል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በረከት ደወለ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ መጥፎ ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦች አግኝቷል፤ የአከራዩ ልጅ አራተኛ ልትሆን ትፈልጋለች። "የጭጋጉን ጨዋታ ላክልኝ፣ እኔ ላጫውታቸው" አለኝ። እኔ እሱን ለማስቀረት የጎነጎንኩትን እሱ እዚያ ሰው ሊያገኝበት ነው። ትንሽ ቀናሁ፤ ካርቶኑን ግን በስልክ አንስቼ ላክሁለት፤ ማብራሪያም ጨመርኩበት፤ ማብራሪያው ብዙ ነበር።

"አንድ ነገር ግን የለበትም" አለኝ አንብቦ መልሶ ሲደውል። "ጭጋጉ በምን እንደተቀየመ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?"

"ይጠይቁሃል" አልኩት። "አታዘጋጀው። ቆመው ሲጠብቁህ ከአፍህ የሚወጣውን ንገራቸው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለኝ።