«አትንኪ! ሳይንስ ነው!»

ለልጅ የተገዛ የሳይንስ መሞከሪያ ሳጥን ልጅ የተጫወተበት ቤት ካለ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ እጅ እነሳለሁ። እኔ እስካየሁት ድረስ ሳጥኑን የሚመርጠው አባት፣ የሚከፍተው አባት፣ የሚያበላሸውም አባት ነው። የልጅ ድርሻ ባትሪ ማብራትና ወለል መወልወል ነው።

የዚህ ዘር አለቃ የእህቴ ባል ናቸው። ክቡርነታቸው በሙያቸው መጋረጃ ሻጭ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የእህቴን የወጥ ቤት ሽርጥ አገልድመው፣ የዋና መነጽር ዓይናቸው ላይ ደቅነው ሳሎን ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እኔ «ሊቁ» እላቸዋለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» ነው የምለው፤ አንቱታው ለጽሑፍ ያህል ነው።

ነገሩ የተጀመረውስ በቁም ነገር ነበር። የስምንት ዓመት ልጃቸው አንድ ጥያቄ ከሳተች ገጹን ቀድዳ የምታለቅስ ናት። አስተማሪዋ ወላጆቿን ጠርታ፣ «ጎበዝ ናት፤ ግን እሳሳታለሁ ብላ እጇን አታወጣም። መልሱን እያወቀች አፏን ትለጉማለች» አለቻቸው። እህቴ እንቅልፍ አጣች። ሊቁ ግን በማግስቱ ትልቅ ሳጥን ታቅፈው ከች አሉ።

«መድኃኒቷ ይኸው! በገዛ እጇ እየነካካች፣ እየሞከረች ድፍረት ታገኛለች።»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪ!» አሉ ሊቁ። «ሳይንስ ነው!»

የመጀመሪያው ሙከራ ክሪስታል ማሳደግ ነበር። ዱቄቱን በሙቅ ውኃ በጥብጦ፣ ክር አንጠልጥሎ፣ ሳይነኩ መተው ብቻ ነው። ሳይነኩ መተው! ለሊቁ ይህ ከእስራት ይብሳል። ብርጭቆውን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጡና አዋጅ አወጡ፤ በር የሚዘጋው ቀስ ተብሎ፣ የሚረገጠው ቀስ ተብሎ፣ የሚነጠሰው በረንዳ ላይ። እህቴ በገዛ ወጥ ቤቷ እንደ ሌባ በእግሯ ጣት መሄድ ጀመረች። እሳቸው ግን በመጡ በሄዱ ቁጥር ብርጭቆውን ያነሱታል፣ ወደ መስኮት ያዞሩታል፣ ክሩን ሳብ አድርገው ያዩታል።

«አባዬ፣ መመሪያው አታንቀሳቅሱ ይላል» አለች ልጅቷ።

«መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው።»

በሳምንቱ ከብርጭቆው የወጣው ክሪስታል ሳይሆን ሰማያዊ ንፍጥ ነበር። ሊቁ አተኩረው አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያም ፊታቸው በራ። «ግሩም! እንዴት እንደማይሠራ አወቅን!»

ቀጥሎ የመጣው ማይክሮስኮፕ ነው። ከአበባ ማስቀመጫው አንድ ጠብታ ውኃ ወስደው አጎነበሱ። «አየሁት! እግር አለው! ብዙ እግር! ይንቀሳቀሳል!» ደውለው እኔን ከቤቴ አስጠሩኝ። ስደርስ ለፍጡሩ ስም እያወጡለት ነበር። በመጨረሻ ለልጅቷ ተራ ሰጧት። አጎንብሳ አየች፤ ዓይኗን ደጋግማ አርገበገበች።

«አባዬ፣ ዓይኔን ሳርገበግብ እኮ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሽፋሽፍት ነው።»

ሶፋው ላይ ተዘርሬ ሳቅሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይል ነበር። ሊቁ ግን ከእኔ ብሰው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጅቷ አባቷን በግርምት ስታያቸው ትዝ ይለኛል።

እሳተ ገሞራው ግን አላሳቀም፤ እህቴንማ ጭራሽ። እናታችን ልትጠይቃቸው የመጣች ዕለት ሊቁ ሳሎኑ መሐል የጭቃ ተራራ ገተሩ።

«ሁለት ማንኪያ ሶዳ ነው የሚለው» አለች ልጅቷ።

«ሁለት ማንኪያ ለልጆች ነው!» ብለው ጥቅሉን በሙሉ ገለበጡት። ኮምጣጤ አፈሰሱ፣ ቀይ ቀለም ጨመሩ፣ ከዚያም «ግፊት እንዲኖረው» ብለው አፉን በመዳፋቸው ከደኑት። የሆነውን ግድግዳው ይናገር። ቀዩ አረፋ ጣሪያ ነክቶ ሲመለስ በእናታችን ፀጉር ላይ፣ በሶፋው ላይ፣ እንዲሁም ራሳቸው «እድፍ የሚባል አያውቅም» እያሉ ለደንበኛ በሚምሉለት ነጭ መጋረጃ ላይ አረፈ። መጋረጃው ከእድፍ ጋር የተዋወቀው ያን ዕለት ነው።

«አንተ ሰውዬ!» ጮኸች እህቴ። «ለልጅቷ ነው ለራስህ የገዛኸው?»

እናታችን ግንባሯን እየጠረገች፣ «ተይው ልጄ፤ ቁጭ ብሎ የሚውልበት ሥራ ፈልጊለት» አለች።

ሊቁ ቅንድባቸው ላይ አረፋ እንደተንጠለጠለ፣ «ኮምጣጤው ነው የበዛው» አሉ።

«ሶዳው ነው እንጂ! ደግሞ መዳፍህ ነው!» አለች ልጅቷ፤ ጨርቅ ይዛ ከጎናቸው እየተንበረከከች። አባትና ልጅ ወለሉን እየወለወሉ እስኪመሽ ተከራከሩ።

ወር ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን አዘጋጀ። እህቴ ሥራ ይዟት ስለነበር ከሊቁ ጋር እኔ ሄድኩ። የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ፣ ከኋላ ተቀመጥን። ልጅቷ ሎሚና ሽቦ ይዛ ወጣች፤ በሎሚ መብራት ልታበራ ነው። ሽቦውን ሰካች። መብራቷ አልበራችም። እንደገና ሰካች። ወይ ፍንክች! ከፊት አንዱ ልጅ ኪ...ኪ...ኪ አለ። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አልሠራም» ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሐሳብ ያለው አለ?»

እጆች ወጡ። አንዱ ሽቦውን ገልብጪው አለ፤ አንዷ ሎሚ ጨምሪበት አለች። የሳቀው ልጅ ሳይቀር ሎሚ ሊጨምቅ ተነሣ። ደወሉ ሲደወል መብራቷ አሁንም ድርግም እንዳለች ነበር፤ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ግን ጠረጴዛዋን ከቦ ይጨቃጨቃል። ከመሐል ጎልቶ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው።

ወደ ሊቁ ዞርኩ። «ለካ አንተ! በእሷ ፊት ስትሳሳት የከረምከው ሆን ብለህ ኖሯል?»

«እኔ መቼ ተሳሳትኩ?» አሉ ከልባቸው ቅር ብሏቸው። አፍንጫቸውን ግን በመሐረብ ይዘው ነበር።

ስንመለስ ከአንድ የመጫወቻ መደብር ጎራ ብለው ትልቁን፣ የሮኬቱን ሳጥን መረጡ። ክዳኑ ላይ «ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆኑ» ይላል። ክቡርነታቸው ገና ስላልደረሱ ትንሽ ሰጋሁ። ሳጥኑን ግን እስከ ቤታቸው የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ።