በርጩማውና የዘበኛው ጀርባ

የሙዚየሙ ዘበኛ ደንቆሮ ነው ተብሎ ተወርቷል። የባህል ባለሙያው ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ!» እያለ ሲገባ፣ ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ መልስ የለም። ወሬው ግን ውሸት ነው፤ ካወሩት ሠራተኞች አንዱ እኔ ስለሆንኩ እኔው ላርመው። ሰውዬው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚታኘክ ማስቲካ ሳይቀር ይሰማዋል።

ሙዚየሙ ከከተማው በፊት እዚህ አገር ለኖሩት ነባር ሰዎች አንድ አዳራሽ ሠርቷል፤ ነገ ይመረቃል። አስጎብኚው ከነባሮቹ ወገን ይሁን ተባለ። ዘበኛው ከነባሮቹ ነው፤ የበሩ ብርድም ጉልበቱን ጨርሶታል፤ አመለከተ። ፈታኙ ባለሙያው ነው፤ ስለ ነባሮቹ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነዋ!

(አዳራሹ ውስጥ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ ተቀምጧል። ባለሙያው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል።)

ባለሙያው፦ ዙፋን ነው አልኩህ!

ዘበኛው፦ በርጩማ ነው፣ ጌታዬ።

ባለሙያው፦ ዙፋን! ገጽ አርባ ሁለት!

ዘበኛው፦ ገጹን አላየሁትም። ቂጤ ግን ያውቀዋል።

ባለሙያው፦ እየተፈተነ ያለው ቂጥህ አይደለም! (ይጽፋል) ዜሮ። ጥያቄ ሁለት፤ አንዱ እግሩ ለምን አጠረ?

ዘበኛው፦ ተሰብሮ።

ባለሙያው፦ ተሰብሮ ይለኛል! አለቃው ሸንጎ ላይ እንዳያንቀላፋ ሆን ተብሎ ነው ያጠረው!

ዘበኛው፦ እኛ እኮ አለቃ ኖሮን አያውቅም።

ባለሙያው፦ ታዲያ ዙፋኑ የማን ሊሆን ነው?

ዘበኛው፦ የአክስቴ። ልብስ ስታጥብ ትቀመጥበት ነበር።

ባለሙያው፦ (ከመጀመሪያው ዜሮ ጎን ይጽፋል) ሁለተኛ ዜሮ። ለመሆኑ ስለ ገዛ ወገንህ ይህን ያህል ሳታውቅ እንዴት ኖርክ?

ዘበኛው፦ እንጃ፣ ጌታዬ። ኑሮው ራሱ ሥራ ሆኖብን መሰለኝ፤ ለማጥናት አልተመቸንም።

ባለሙያው፦ የመጨረሻ ጥያቄ፤ አዝኜልህ ነው። ነባሮቹ ክቡር እንግዳን የሚቀበሉት እንዴት ነው?

ዘበኛው፦ «ግባ፣ ተቀመጥ» ብለን።

ባለሙያው፦ ጀርባ በመስጠት! ገጽ ስልሳ! በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን! የዛሬ ሃያ ዓመት መንደራችሁ ሄጄ፣ አንድ ታላቅ ሊቅ ይህንኑ ዙፋን አቀረቡልኝ። ነገም የክብር እንግዳችን እሳቸው ናቸው። ተቀመጥኩ።

ዘበኛው፦ ከዚያስ?

ባለሙያው፦ ከዚያማ... ሥርዓቱ እንደሚያዘው መሬት ነካሁ።

ዘበኛው፦ ወደቁ።

ባለሙያው፦ ነካሁ! በጀርባዬ ነካሁ። እግሬ ሽቅብ ነበር። ቀና ብዬ ባይ፣ መንደሩ በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል! ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል! አንዲት እናትማ ሲቃ ይዟት ግድግዳ ተደገፈች። (ዓይኑን ይጠርጋል) እንደዚያ ያለ አክብሮት ወላጆቼም ቤት አላየሁም።

ዘበኛው፦ አክስቴ ናት።

ባለሙያው፦ አየህ? የነገውንም በዚያው ልክ ነው ያዘጋጀሁት። አርባ ሠራተኛ አሠልጥኛለሁ፤ እንግዳው ገና ከደጃፍ ብቅ ሲሉ፣ ሁላችንም ዞር! ትከሻ ማንቀጥቀጡ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብን። ግምጃ ቤት ያለችው ልጅ ግራ ትከሻዋ እስካሁን እምቢ ብሏታል።

ዘበኛው፦ ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?

ባለሙያው፦ ገጽ ስንት ላይ ያለ?

ዘበኛው፦ ገጽ የለውም። እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት መሳቅ ትልቅ ነውር ነው።

ባለሙያው፦ ይህቺ ደህና ናት። (ይጽፋል) ቀጥል።

ዘበኛው፦ ስለዚህ ሳቅ ያመለጠው ሰው ጀርባውን ይሰጣል።

(እስክሪብቶው ይቆማል።)

ባለሙያው፦ ሳቅ?

ዘበኛው፦ ሊቅ የሚሏቸው አጎቴ ነው። አክስቴ «ይሄን ስባሪ ማግደው» ብላው፣ ወደ ምድጃ ይዞት ሲሄድ እርስዎ ደረሱ። «ዙፋን ነው አይደል?» አሉት። እንግዳን እምቢ ማለት ከበደው።

ባለሙያው፦ ውሸት ነው! ማስረጃ አለኝ! ማስረጃዬ አንተው ራስህ ነህ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት በሩ ላይ ስታየኝ ጀርባህን አትሰጠኝም? ትከሻህስ አይንቀጠቀጥም?

ዘበኛው፦ ይንቀጠቀጣል፣ ጌታዬ።

ባለሙያው፦ ታዲያ በምን ምክንያት?

ዘበኛው፦ (ጫማውን እያየ) ያን ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ባየሁዎት ቁጥር እግርዎ ሽቅብ ሆኖ ይታየኛል።

(ባለሙያው መስታወቱን ያያል። በርጩማውን ያያል። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ፣ ከሁለቱ ዜሮዎች ፊት ቀስ ብሎ አንድ ቁጥር ይጨምራል።)

ባለሙያው፦ መቶ። ሥራው ያንተ ነው፤ ከነገ ጀምሮ በር ላይ አትቆምም። ብቻ በእናትህ፣ ይህቺ ነገር ከዚህ አዳራሽ አትውጣ። አርባ ሰው አሠልጥኜ አሁን ምን እላለሁ? ነገ እንደተባለው እንዞራለን፣ አለቀ።

ዘበኛው፦ እሺ፣ ጌታዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ አጎቴ አሁን አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የሚመጣው፤ ለነገው ብሎም ኮት አሰፍቷል። አርባ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ትከሻውን ሲነቀንቅበት፣ «ምኔ ነው ያሳቃቸው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ገጽ ስንት ልበለው?