እንከን የለሹ ደረጃ

ፖሊስ ሥራውን አይሠራም እያሉ የሚያሙ ሰዎች አሉ። የሰፈራችን ጣቢያ የአናጢውን ጉዳት በምን ያህል ትጋት እንደመረመረ ስላላዩ አዝንላቸዋለሁ።

አናጢው የተከበረ ባለሙያ ነው። ሜትር በእጁ አይነካም። «ሜትር ለጀማሪ ነው» ይላል፤ እሱ የሚለካው በስንዝሩ ነው። ከሳሎኑ ወደ መኝታ ቤቱ የሚያወጣውን የእንጨት ደረጃ ጠዋት በስንዝር ጀምሮ ከምሳ በኋላ በስንዝር ጨረሰው። ምሳ የበላ ሰው ስንዝር እንደሚሰንፍ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም። ስለዚህ የታችኞቹ እርከኖች ጉልበት ድረስ ናቸው፣ የላይኞቹ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት አይዘሉም።

ደረጃው ከተመረቀ ወዲህ አናጢው ጤና ጣቢያ ይመላለስ ጀመር። አንዴ ግንባሩ አብጦ፣ አንዴ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ በመጨረሻም ጎድኑን ይዞ እያቃሰተ መጣ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ነርሷ።

«ቤት ውስጥ ወደቅሁ።»

«ከምን ላይ?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ የወደቀ ሰው ጎድኑ አይሰነጠቅም ብላ ለፖሊስ ደወለች። ቤት ውስጥ ከአናጢው ሌላ የምትኖረው ሚስቱ ብቻ ስለሆነች ሁለቱም ወደ ጣቢያው ተጠሩ። ሴትየዋ ቁመቷ የባሏ ክንድ ላይ ያበቃል። መርማሪው ይህንን በጥሞና ተመልክቶ «የተጠርጣሪዋ ቁመት ማጠር ሳይታዩ ጥቃት ለማድረስ አመቺ ሆኖ ተገኝቷል» ሲል አስጻፈ።

«አባት፣ አይፍሩ» አለው አናጢውን። «ከደረጃ ላይ ወድቀው ነው?»

አናጢው እናቱ የተሰደበችበት ያህል ቀና አለ። «ከደረጃው? እኔ የሠራሁት ደረጃ እኮ ነው!»

«ደረጃው ካልጣለዎት እንግዲህ የቀሩት ባለቤትዎ ናቸው።»

አናጢው ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተናገር እንጂ!» አለች ሚስቱ። «ልታሰርልህ እኮ ነው!»

ኮርኒሱ ብዙ የሚታይ ነገር ሳይኖረው አልቀረም፤ ዓይኑን አልመለሰም። ሴትየዋ አንድ ዘዴ መጣላት።

«እሺ፣ እኔ ነኝ። በመጥረጊያ ነው የምመታው። ሲብስብኝም በቡጢ።»

በሚስቱ ተደበደበ ከመባል ደረጃዬ ጣለኝ ማለትን ይመርጣል ብላ ነው። ስሌቷ ትክክል ነበር፤ ባሏ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ።

አናጢው ላቡን ጠረገ። «እውነቷን ነው» አለ። «እጇ አይጣል ነው። ደረጃው ግን እንከን የለውም፤ እሱም ይጻፍልኝ።»

ተጻፈለት። ሚስትየዋም ታሰረች። አለቀሰች ብል ደስ ባለኝ፤ ንዴቷ ግን ለእንባ ፋታ አልሰጣትም። እኔ ግን አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ጠዋት አናጢው ለሚስቱ ቁርስ ይዞ መጣ። አንድ እጁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እግሩንም ያነክሳል። መርማሪው ኪሱን ዳሰሰ፤ የእስር ክፍሉ ቁልፍ አለ። ከረዳቱ ጋር ጥልቅ ምክክር አደረጉ።

«ግብረ አበር ይኖራታል» አለ ረዳቱ።

ሚስትየዋ ተጠርታ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አባት፣ ትናንት ደግሞ ማን መታዎት?»

አናጢው ሚስቱን አያት፣ ከዚያ ወለሉን። «ናፍቆት ነው የጣለኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ሴትየዋ ኩርፊያዋን ረስታ ሳቀች። መርማሪውም በሕግ ናፍቆትን ማሰር እንደማይቻል ካረጋገጠ በኋላ «እናቴ፣ ነፃ ነዎት። ቤትዎ ይግቡ» አላት።

«ደረጃው አለ?» አለች ወደ ባሏ ዞራ።

«ምን ሆኖ ይጠፋል!»

«እንግዲያው አልሄድም። ነግ የኔም አንገት ነው። ወይ አፍርሰው፣ ወይ እዚሁ እከርማለሁ፤ እዚህ ደረጃ የለም።»

አናጢው ሚስቱን እንደሚወድ ማንም አይጠራጠርም፤ እሱም አይጠራጠርም። ብዙ አሰበ። ከዚያ ቁርሱን አግዳሚው ወንበር ላይ ከጎኗ አስቀመጠና በደህና እጁ ጫማውን አወለቀ።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ፤ እዚሁ አብረን እንከርማለን» አላት።