ብሎን የሌለው ጭነት

የጀልባ ማውረጃው ሸንጎ የተከበረ ሸንጎ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት አባላቱ የየራሳቸውን የበረዶ ሣጥን ተሸክመው ይመጡና፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው የኮንክሪት ቁልቁለት ግራና ቀኝ ሣጥናቸው ላይ ይሰየማሉ። ኃላፊነታቸው ከባድ ነው። ሰው ጀልባውን ጎትቶ ሲመጣና ወደ ኋላ እያስኬደ ውኃ ውስጥ ሲያወርድ ይመለከታሉ፤ ሲያጣምም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሲሳካለት ደግሞ «ዕድል ነው» ይላሉ። እኔም ከመሥራች አባላቱ አንዱ ስለሆንኩ የምነግራችሁን አትጠራጠሩ።

ሌይተን ወደዚህ ሸንጎ የመጣው በገዛ እግሩ ነው፤ ማንም አልጎተተውም። ሰባት ሜትር የምትረዝም ጀልባ ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቁሟል። የገዛት ለአባቱ ለአዛውንቱ ክላሪ ሲል ነው። ክላሪ ዕድሜ ልካቸውን ስናፐር የሚባለውን ዓሣ ያጠመዱባት የሰሜኗ ሰላጤ ከከተማችን የሦስት ሰዓት መንገድ ናት። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ፐርዝ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ሊገቡ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከልጃቸው ጋር እዚያ ውኃ ላይ መዋል አማራቸው። ሌይተን የጎደለው ጀልባዋን የሚጎትት ጉልበተኛ መኪና ብቻ ነበር።

«ቀላል ነገር ነው፣ ምከሩኝና ልግዛ» አለን። አይ ሌይተን!

«ጃፓን ሠራሹን ውሰድ» አለ ሊቀ መንበራችን ኬልቪን። «አይሞትም።»

«አይሞትም፤ አይሄድምም» አለ ዴዝ። «የአሜሪካኑን ፒክአፕ ውሰድ እንጂ። ቤት ይጎትታል!»

«ማቆሚያ የት ያገኝለታል?»

«በጎተተው ቤት ውስጥ!»

እንዲህ ባለ ጥልቅ ውይይት ክረምቱ አለፈ። ስለ ናፍጣና ቤንዚን ሁለት አባላት ተኳረፉ፤ ስለ ማርሽ አንዱ ሣጥኑን ተሸክሞ ረግጦ ወጣ። ክላሪ በየሳምንቱ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ የት ደረሳችሁ?»

«አባዬ፣ አሁን የማርሹ ጥያቄ ላይ ነን።»

«እኔ ደግሞ ሰማንያ ስድስት ላይ ነኝ።»

በመጨረሻ ሸንጎው በሙሉ ድምፅ ባይሆንም በብዙ ጩኸት አንድ ግዙፍ የናፍጣ መኪና መረጠ። ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል፤ ጀልባዋ ከነተጎታቿ ወደ ሦስት ቶን ናት። ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። ግን ሸንጎ ባለበት አገር ጉዳይ አያልቅም።

«ካንጋሮ ቢገባበትስ?» አለ ኬልቪን። ስለዚህ ከፊት የመከላከያ ብረት ታሰረ። «አሸዋ ቢውጠውስ?» አለ ዴዝ። መኪናውን በገመድ ስቦ የሚያወጣ ዊንች ተገጠመ። «ናፍጣ ቢያልቅበትስ?» ሁለተኛ ታንክ። «ወንዝ ቢያቋርጥስ?» ከሞተሩ እስከ ጣራው የሚደርስ የአየር ቱቦ። በዚያ መንገድ ላይ ወንዝ የለም፤ ቢሆንም ጥያቄው የእኔ ስለነበረ ተቀባይነት አገኘ። ጣራው ላይ ድንኳን፣ ከኋላ ሁለት ስኮርታ፣ የኋላው መቀመጫ ተነቅሎ በምትኩ ማቀዝቀዣና የብረት መሳቢያ።

«እኔስ የት ልቀመጥ?» አለች ሚስቱ ጃኔል።

«አንቺማ በትንሿ መኪናሽ ትከተይናለሽ» አላት። ትንሿን መኪና በሸንጎው ቋንቋ «ዘንቢሏ» እንላታለን።

አበው «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ይላሉ። ሌይተንም አባቱ ሳሉ መኪናውን አስጌጠ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን እኛም አንስተነው አናውቅም። ሃምሳውንም ሎሚ ለአንዱ አሸክመን በጭብጨባ ሸኘነው።

ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጉዞ ተጀመረ። ሌይተን ይነዳል፣ ክላሪ ከጎኑ ባርኔጣቸውን ጭነው ተቀምጠዋል፣ ጃኔል በዘንቢሏ ከኋላ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ነበር። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሚዛን ዘርግታ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ፖሊስ አስቆመቻቸው።

«ጌታዬ፣ ትርፍ ጭነዋል።»

«ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል እኮ!» አለ ሌይተን ደረቱን ነፍቶ።

«ባዶውን ከሆነ ይጎትታል። የመኪናውና የጀልባው ክብደት አንድ ላይ ሲደመር ገደብ አለው። መኪናው ብረት በለበሰ ቁጥር መጎተት የሚችለው ይቀንሳል። ሰባ ኪሎ ያህል ካላወረዱ አያልፉም።»

ሌይተን ወርዶ መኪናውን ዞረው። የፊት ብረቱን ነካ፤ በብሎን ታስሯል። ዊንቹም፣ መሳቢያውም፣ ማቀዝቀዣውም። መፍቻውን ግን አልያዘም፤ ሸንጎው ስለ መፍቻ አልመከረማ።

«የሚወርድ ነገር የለም» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሁሉም ታስሯል።»

ፖሊሷ ጎንበስ ብላ በመስኮት አየች። ክላሪ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው ሰላምታ ሰጧት።

«እኔ ብሎን የለኝም» አሉና ቀበቷቸውን ፈቱ።

ሌይተን አፈረ። «ጀልባዋ እዚሁ ትቅር፣ አባቴ አይወርድም» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያለ ጀልባ ቢመለስ እሑድ ምን እንደምንለው ያውቃል፤ ቃሉን ዋጠው። «አባዬ፣ እዚያው እንገናኛለን፣ እሺ?» አለ። ክላሪ በምርኩዛቸው እያነከሱ ወደ ዘንቢሏ ሄዱ።

ዘንቢሏ ተፈተለከች። ያ ግዙፍ ደግሞ በየዳገቱ ሞተሩ እየጋለ፣ እየቆመ፣ እየተነፈሰ ተከተለ። ሌይተን ሰላጤው ዘንድ ሲደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ክላሪ አሸዋው ላይ ተቀምጠው የሁለት ስናፐር ቅርፊት ይፋቃሉ። ጃኔል አጠገባቸው በባዶ እግሯ ቆማ ትስቃለች።

«በምን ወጣችሁ?» አለ ሌይተን።

«ባለ ሱቁ በሚያከራያት በዚያች ቆርቆሮ ጀልባ» አለችው። «አባትህ ሲያጠምዱ ብታይ ኖሮ!»

ክላሪ ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ ቀና አሉ።

«ልጅ ሳለህ እዚሁ ጀልባዬ ውኃ አስገባች» አሉት። «በረዶውን ጣልኩ። ዓሣውን ጣልኩ። መልህቁንም ጣልኩ። አንተን ልጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ብሎን ስለነበረህ ግን አይደለም።»

በማግስቱ ንፋስ ተነሣ፤ እስኪመለሱም አልቆመም። ትልቋ ጀልባ ውኃ ሳትነካ ተጎትታ ተመለሰች። ገና አለፈና ክላሪ አረጋውያን ቤት ገቡ።

ሸንጎው ወሬውን ሲሰማ ከልብ አዘነ። አዝኖም አልቀረ፤ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ ሁለት ነጥብ አጸደቀ፦ አንደኛ ሌይተን ከዚህ የሚበልጥ መኪና እንዲገዛ፣ ሁለተኛ አዛውንቱ ክላሪ ቢቻል ክብደት እንዲቀንሱ።

ውሳኔውን ልንነግረው ስንጠብቅ ሌይተን በዚያው መኪና መጣ። ብረቱ የለም፣ ዊንቹ የለም፣ ቱቦው የለም። የኋላው መቀመጫ ተመልሷል፤ ጃኔል ተቀምጣበታለች። ጣራው ላይ አንዲት ቆርቆሮ ጀልባ በገመድ ታስራለች።

«ምን ነካህ? መኪናውን እርቃኑን አስቀረኸው እኮ!» ብሎ ጮኸ ኬልቪን።

«አባቴን ለሁለት ቀን አስፈቅጄ ላወጣው ነው» አለ። «ወደ ሰላጤው እንሄዳለን። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል።»

«ይጠይቁ፣ ይጠይቁ!» አልን ሣጥናችን ላይ እየተመቻቸን።

«ከእናንተ መሃል ጀልባ ያለው ማነው?»

ኬልቪን ዴዝን አየ። ዴዝ እኔን አየኝ። እኔ ባሕሩን አየሁ። ሌይተን መልስ ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሸንጎውም ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወስኖ፣ በዚያው ሰዓት ጀልባውን ወደ ኋላ እያስኬደ ወደሚያጣምም አንድ እንግዳ ሰው ፊቱን አዞረ።