የሴቶቹ ቃል

ሰው ምስክር የሚወደው ከሩቅ ሲሆን ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ምስክር አይበላ፣ አይጠጣ፣ ደጅ አያንኳኳ፣ «እባክህ ስልክ ደውልልኝ» ብሎ አያስቸግር። ስለዚህ በደንብ ይታመናል። የቅርብ ምስክር ግን አበሳ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ዝም ብላችሁ ነው እንጂ።

እዚህ ዓረብ አገር ፋሲካ እሁድ ቢውልም እኛ የምናከብረው በሚቀጥለው አርብ ነበር፤ እሁድ ሹግል፣ ሥራ፣ አለ። ጌታችንም ሻርጃ ላይ የሚነሳው እኛ ዕረፍት ስናገኝ ነው። በአንዱ እንዲህ ያለ አርብ አል መጃዝ ሰፈር፣ ዮናስ ቤት ተሰብስበናል። ዮናስ ቡር ዱባይ ባንክ የሚሠራ፣ ያነበበውን መደበቅ የማይችል ወዳጄ ነው። «ትንሣኤ በታሪክ ይረጋገጣል ወይ?» እያለ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሲከራከር ከርሞ ኖሮ፣ ዶሮው ሳይቀርብ ክርክሩን አቀረበልን።

«ስሙኝማ! መቃብሩ ባዶ መሆኑን መጀመሪያ ያዩት እነማን ናቸው? ሴቶች! በዚያ ዘመን ደግሞ የሴት ቃል ከቁም ነገር አይገባም። ወሬውን ሐዋርያት ፈጥረውት ቢሆን ወንድ ምስክር አያቆሙም ነበር? የማይታመን ሰው ማቆማቸው ራሱ ማስረጃ ነው። ዋላሂ!»

የክርስቶስን ትንሣኤ በዋላሂ ማስረገጥ የዱባይ ሐበሻ ብቻ የሚችለው ጥበብ ነው። አጨበጨብንለት። እኔም ደስ ብሎኛል። ታሪክ ማን አየ፣ ማን ተናገረ እያለ እስከ መቃብሩ ደጅ ድረስ ይሸኛል፤ ከደጁ ወዲያ ማመን የራስ ፋንታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ይኼኔ ትርሲት ተናገረች። ትርሲት ከማዳሟ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት አምልጣ አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ በቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ ተከራይታ፣ የምትኖር የጎጃም ልጅ ናት። ለቤት ሠራተኛነት ከአገር መውጣትን መንግሥታችን ባገደበት በዚያ ዘመን፣ እንደ ብዙዎቹ በጉብኝት ቪዛ ነው የገባችው።

«ጋሽ ዮናስ፣ እኔም ያየሁት አለኝ። በላይነሽ፣ ደላላ በፓስፖርቷ ዘይነብ ያላት የጎረቤት ሠራተኛ፣ ሞታለች። ማዳሜ ቤት ሳለሁ፣ ከጎናችን ካለው ቤት በአንሶላ ጠቅልለው ሲያወጧት ፊቷን አይቻለሁ። ደላላው ግን ለእናቷ ‹ስልክ የማይፈቀድበት ቤት ገብታለች› ብሏቸው እየጠበቋት ነው። መርዶውን እርስዎ ይንገሩልኝ። የኔን ቃል ማን ይሰማል?»

ዮናስ መነጽሩን አወለቀ።

«አይዞሽ እህቴ። ግን ደንግጠሽ ይሆናል። ሌላ ያየ ሰው አለ? የበላይነሽ ማዳምስ ምን አለች?»

«‹ኸላስ፣ ራሐት› አለችኝ።»

«ይኸው! ኸላስ በቃ፣ ራሐት ሄደች ማለት ነው እንጂ ሞተች ማለት አይደለም።»

«ክፍሏ ባዶ ነው እኮ ጋሼ! ገብቼ አይቻለሁ። ጫማዋን ጥላ የት ትሄዳለች?»

«ባዶ ክፍል ማስረጃ አይሆንም» አለ፣ ያ ባዶ መቃብርን ሲሰብክ የነበረው አፍ። «ደግሞ በፓስፖርቷ ዘይነብ ነው የምትባለው። በላይነሽ የምትባል ሴት እዚህ አገር አልገባችም።»

አያችሁልኝ? ያልገባ ሰው አይሞትም። እገዳው ልጆቻችንን ከሞት ያዳናቸው እንዲህ አድርጎ ነው።

ትርሲት አልቅሳ የምትተወው መስሎን ነበር። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ለበላይነሽ እናት ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። እናትየው አላስጨረሷትም።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ምን ታሟርችብኛለሽ! ወንድ የለም እዚያ? ወንድ አቅርቢልኝ!»

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይላል ያገሬ ሰው። ስልኩ ለዮናስ ተሰጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ «እማማ፣ ገና እያጣራን ነው፤ የተረጋገጠ ነገር የለም» አለ።

«አልሞተችም ነው የምትለኝ፣ ልጄ?»

«የተረጋገጠ… የለም፣ እማማ።»

እልልታቸው ቤቱን ሞላው። «ኑ ስሙልኝ!» እያሉ ጎረቤት ሲጠሩ ይሰማል። ትርሲት ስልኳን ተቀበለችውና ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። እኔ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለኝ ዮናስ።

ልጃቸውን በፋሲካ ሰሞን አስነሳንላቸው፤ አሁን ማን ይግደልባቸው?