በስም የሚሸጥ ዳታቤዝ

ሰው ገበያ ወጥቶ አህያ ሲገዛ፣ ሻጩ «ስንት ሰው ይጭንባታል? ስማቸውስ ማን ማን ነው?» ብሎ ጠይቆት ያውቃል? አያውቅም። ጥርሷ ይታያል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ትነዳለች። ሶፍትዌር ግን እንዲህ አይሸጥም። ሻጩ ዕቃውን አይሰጥህም፤ ዕቃውን እንድትነካ ይፈቅድልሃል። ፈቃዱም ዓይነት አለው፤ ዓይነቱም ደረጃ አለው፤ ደረጃውም ማብራሪያ አለው። ይህን የምለው አዋቂ ሆኜ አይደለም። ማብራሪያውን ደጋግሜ አንብቤ፣ ባነበብኩት ቁጥር ሌላ ነገር የገባኝ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርጄ ሸዋ ሮቢት የገባሁት በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ነው። ባለሙያ ስል በሙከራ ላይ ያለ ባለሙያ ማለቴ ነው። ሊቀመንበራችን ጋሼ መኮንን ገና እንደመጣሁ ጠርተው፣ የማሾው ምርት ወደ መጋዘን መግባት ሳይጀምር የገበሬው ርክክብ ሁሉ በኮምፒውተር እንዲመዘገብ ካደረግህ ቋሚ ትሆናለህ፤ አለበለዚያ መንገዱን ታውቀዋለህ አሉኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ዳገት ነው።

ስለዚህ እንደ ልማዴ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ርክክቡን የሚይዝልን ሶፍትዌር፣ ዳታቤዙ፣ ሦስት ኤዲሽን አለው፦ ነፃው፣ መካከለኛውና የትልልቅ ድርጅቶቹ። አከፋፈሉም ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ ዳታቤዙ በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ጉልበት ልክ ትከፍልና ማንም ይጠቀምበታል፣ ወይ በሰው ቁጥር ትከፍልና ስማቸው የተመዘገበ ሰዎች ብቻ ይጠቀሙበታል። ይህን ለሥራ አመራር ቦርዱ አቀረብኩ። ያለችን አንዲት ማራገቢያ ወደ ሊቀመንበሩ ስለዞረች፣ እኔ ሳብራራ ላቤ ሠንጠረዡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ምክትላቸው ሐጂ እንድሪስ፣ ነፃው ምን ጉድለት ቢኖርበት ነው ነፃ የሆነው ብለው ጠየቁ። የተወሰነ መጠን ሲሞላ አልቀበልም ይላል አልኩ። መቼ ይሞላል? እንጃ፣ ምናልባት በማሾ ወቅት ስላቸው፣ «አዑዙ ቢላህ! ገበሬው ጭኖ መጥቶ በር ላይ ቆሞ?» ብለው ነፃውን ጣሉት። ጋሼ መኮንን ትልቁን ወደውት ነበር፤ ዋጋውን ሲያዩ መካከለኛው አማራቸው። በሰርቨር ጉልበት መክፈሉም ከአቅም በላይ ሆነ፤ በሰው ቁጥር ይሁን ተባለ።

እኔም ደስ ብሎኝ፣ በስም መግዛቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማን ምን እንደሠራ ሲስተሙ ለይቶ ያሳያል አልኩ። ማቅረቢያዬ ላይ ይህችን አሰምሬባት ነበር። ምነው እጄን በሰበረው! በጀቱ ለአራት ሰው ይበቃ ስለነበር አራት ስም አነበብኩ፦ መዝጋቢዋ ዘይነባ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና እኔ።

ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ዩኒየን ያቋቋመው ማነው አሉ። እርስዎ ነዎት ጋሼ። «ታዲያ እኔ የት አለሁ?» ይሄ እኮ ኮምፒውተር ለሚነካ ሰው ነው አልኩ። «አልነካም ያለህ ማነው?» ሐጂ እንድሪስ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለራሴ ብዬ አይደለም ልጄ፣ ወላሂ። ግን መኮንን ገብቶ እኔ ከቀረሁ፣ ተጣሉ አይባልም?» አሉ። ሐጂ ከገቡ ገንዘብ ያዧ እትዬ በላይነሽ እንዴት ይቀራሉ? የሠርግ ጥሪ የበተነ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ላይሰንሱ፣ ማለትም የአራት ሰው ፈቃዱ፣ የሦስቱና የእኔ ሆነ። እኔም የተረፍኩት ፓስወርድ አስታዋሽ ተብዬ ነው። ከፍተኛው ሥልጣን ለጋሼ መኮንን ስም ተሰጠ፤ ከሊቀመንበር በላይ የሚያዝ ስም ይኖራል እንዴ? የእኔ ስም ማየት ብቻ ተፈቀደለት።

ማሾው ገባ። ዘይነባ በሐጂ ስም ትመዘግባለች፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት «መካን ሳላይ ሐጂ ሆንኩ፤ ዱዓ የሚፈልግ ይሰለፍ» ትላለች። እኔ በጋሼ መኮንን ስም ስህተት አርማለሁ፣ አዲስ አባል አስገባለሁ፣ መጠባበቂያ ቅጂ እይዛለሁ። ከሶፍትዌሩ ሻጭ ጋር የፈረምነው ውል አንዱ በሌላው ስም እንዳይሠራ ይከለክላል። አንቀጹን አውቀዋለሁ። ለጋሼ ብነግራቸው፣ «ስሙ የእኔ አይደል? ፈቅጃለሁ» አሉኝ።

ወቅቱ አልፎ የሙከራ ጊዜዬ ሲገመገም፣ እትዬ በላይነሽ ያሰመርኩባትን ነገር አስታወሱ። «ማን ምን እንደሠራ ያሳያል አላልክም? እስቲ አውጣው።» አወጣሁ። በጋሼ መኮንን ስም የተሠራው ገጽ በገጽ ሆኖ ወጣ። ቦርዱ አጨበጨበ። ሐጂ እንድሪስ ሁለተኛ ሆኑ፤ «ወላሂ፣ ጣቴን አላሳረፍኩበትም» ቢሉ ሁሉም ትሕትናቸውን አደነቀ። ጋሼ መኮንን መጀመሪያ ግር አላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ለካ እንዲህ የደከመኝ ለዚህ ነው» አሉ።

በእኔ ስም ሥር ምንም የለም። ምን ልበል? ጭብጨባው የእኔ ነው ልበል? ወይስ ውል ስንጥስ ከረምን? ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ዘይነባ «ኧረ ተናገር!» እያለች በዓይኗ ትቆጣኛለች። ሲስተሙ እኮ፣ ብዬ ጀመርኩ። እትዬ በላይነሽ፣ «ይዋሻል ልትለን ነው?» አሉ። አይዋሽም አልኩ። የመረጥኩት እኔ ነኛ።

ጋሼ መኮንን ደግ ሰው ናቸው፤ አላባረሩኝም። ልጅ ነው፣ ከእኛ እያየ ይማር ብለው የሙከራ ጊዜዬ እንዲራዘም አደረጉ። ውሳኔው እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ፣ የሠራተኛ መዝገብ ላይ መግባት ነበረበት፤ ይህን ለማስገባት ሥልጣን ያለው ደግሞ አንድ ስም ብቻ ነው። ማራገቢያዋ ሥር ቁጭ ብዬ፣ በጋሼ መኮንን ስም ገብቼ፣ ሥራ አለመሥራቴን መዘገብኩ። ስህተት እንዳይኖረው መልሼ አነበብኩት። የለውም።

ሲስተሙም ይህችን ሥራ ለጋሼ ጨመረላቸው።