ዜና ዘማርላ፣ ክላርኔትን ከመድኃኒት ወገን ያስቆጠሩ

ክላርኔት መድኃኒት ነውን? ይህ ጥያቄ በሚኒሶታ ምድር፣ በመስኮት ፋብሪካው ከተማ፣ ትልቁ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሐይቅ በገባ በማግስቱ ዓመት፣ የማርላ ወንድም አርሎ በእኅቱ ሶፋ ላይ በነገሠ በዘጠነኛው ወር በተነሣ ጊዜ፣ ክብርት ማርላ ቶርቫልሰን፣ የመስኮት ክፈፍ አጣባቂ፣ የሲግሪድ እናት፣ ይሉኝታቸው እንደ ጥር ሐይቅ የጠጠረ፣ መልሱን ሊፈልጉ ተነሡ።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። የሲግሪድ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው አልፎ ወደ ፊት ወጥቶ ነበርና፣ ልጅቱ ስትስቅ አፏን በጓንቷ ትሸፍን ጀመር፤ እናቲቱም ይህን ባዩ ጊዜ እንቅልፍ አጡ። ወደ ጥርስ ሐኪሙም ወሰዷት፤ እርሱም፣ "ይህች ልጅ ክላርኔት ትንፋ! አፍ ላይ ሲያዝ የላይኛውን ጥርስ ወደ ፊት ይገፋል፤ አሁን ከጀመረች መንጋጋዋን በሐኪም ቢላ ከመቀደድ ትተርፍ ይሆናል!" ብሎ አወጀ፤ ትእዛዙንም ጽፎ ሰጠ። ክብርት ማርላም ለክረምት ጎማ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው ያን ረጅም ጥቁር መሣሪያ ገዙ፤ ገንዘቡ እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ካልተመለሰላቸው ግን፣ ባለቀ ጎማ በበረዶ ላይ ወደ ሥራ መንዳት አይቻልምና፣ ክላርኔቱ ወደ ሱቁ መመለሱ ነበር።

አርሎም ከሶፋው ሳይነሣ፣ "እኅት ዓለም፣ ክላርኔት መድኃኒት ከተባለ የእኔንም ቢራ ሽሮፕ በይልኝ!" ሲል አወጀ።

ፋብሪካው ግን ለሠራተኞቹ የሕክምና ወጪ መመለሻ ሒሳብ ነበረው፤ ሠራተኛው አስቀድሞ ከኪሱ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ያሳያል፣ ገንዘቡም ይመለስለታል፤ በዓመቱ ያልተነካው ግን እንደ መጋቢት በረዶ ሟሙቶ ይቀራል። የዚህም ሒሳብ ጠባቂ ሮዛን ነበረች፣ ከኒው ጀርሲ የመጣች፣ ቃሏ እንደ መዶሻ የሆነ፤ በምሳ አዳራሹም ወንበር ላይ ወጥታ እንዲህ ስትል አወጀች፦

"ስሙኝማ! የማየት መነጽር ይከፈላል፤ ለመዘነጫ የሚሆን ጥቁር መነጽር አይከፈልም። ጥርስ ማስነቀል ይከፈላል፤ ጥርስ ማስነጣት አይከፈልም። የቁስል ፋሻ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይከፈላል፤ የጥርስ ሳሙና አይከፈልም። ሌላው ነገር፣ ሐኪም ለበሽታ ካዘዘው፣ ይታያል። ኦርቪል፣ የውሻህ ክኒን ደግሞ አይከፈልም፤ ስንቴ ልንገርህ!"

ክብርት ማርላም ደረሰኙንና የሐኪሙን ትእዛዝ አስገቡ፤ ሲያስገቡም ስላስቸገሩ ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚህም በኋላ፣ በዋዜማው ዋዜማ፣ ስልክ ተደወለ። ሮዛንም፣ "ማርላ፣ ክላርኔቱ አልፏል! የጥርስ ሕክምና ነው ተብሏል። ገንዘቡን ልላክልሽ?" ስትል አወጀች። በዚያ አገር ግን ሰው የቀረበለትን ሁለት ጊዜ እምቢ ሳይል በሦስተኛው አይቀበልም፤ ቁራሽ ኬክም ቢሆን፣ ከሚነድ ቤት መውጫ መሰላልም ቢሆን። ስለዚህ ክብርት ማርላ እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት፣ "ኧረ ተይው፣ ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ" አሉ። ሁለተኛውን ልመናም ጠበቁ። ሮዛን ግን፣ "እሺ፣ ተውኩት!" ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ክብርት ማርላም ሦስተኛውን እሺታ በአፋቸው እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ።

በነጋም ጊዜ ሒሳባቸው እንዳይሟሟ የፈሩ ሠራተኞች ሁሉ ለዘመቻ ተነሡ፤ ምራቅ መሬት ሳያርፍ በረዶ በሚሆንበት በዚያ ብርድ የፀሐይ ቅባት ሊገዙ ወደ ፋርማሲ ተመሙ። ክብርት ማርላ ብቻ ወደ ሮዛን ቢሮ ዞሩ፤ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና የቸኮሌት ኬክ ትሪ ይዘው። የተከተሏቸውም ግሌንዳ ዘመስተዋት ክፍል፣ ፊቷን አስቀድማ በቅባት ያነጣች፣ ኦርቪልም ከነውሻው ነበሩ። ክብርት ማርላ በደረጃው መካከል ወደ ኋላ ሊመለሱ በዞሩ ጊዜ ግሌንዳ፣ "ማርልዬ፣ ይሉኝታሽን ለቀብርሽ አቆይው! ዛሬ ካልተናገርሽ ልጅሽ ዕድሜ ልኳን በጓንት ልትስቅ ነው!" ስትል አወጀች።

ክብርት ማርላም የሲግሪድን ጓንት አሰቡ፤ በሩንም ከፈቱ፤ ትሪውንም እንደ ጋሻ ወደ ፊት አድርገው፣ ከተወለዱ ጀምሮ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል አወጁ፦

"ገንዘቡን እፈልገዋለሁ!"

ወዲያውም "ይቅርታ" አሉ። ሮዛንም ኬኩን እየገመጠች፣ "ታዲያ ትናንት ምን አፍሽን ያዘሽ? እኛ ጋ እኮ እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው!" ብላ አወጀች፤ የተዘጋውንም ሒሳብ ከፈተች፤ ገንዘቡንም በዚያው ሰዓት ላከች። ውሻውም በደስታ ጮኸ።

በዚያ ምሽት ሲግሪድ ክላርኔቱን ነፋች፤ ድምፁም በር የተቆለፈበት ዝይ ድምፅ ነበር። መስኮቶቹ፣ እነዚያ እናቷ ያጣበቋቸው፣ ተንቀጠቀጡ። አርሎም ትራሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ እንደ አገሩ ሥርዓት፣ "እንግዲህ እኅቴ፣ ካስቸገርኳችሁ እኔ ብሄድ ሳይሻል አይቀርም" ብሎ አወጀ፤ ኧረ በፍጹም መባልንም ጠበቀ።

ክብርት ማርላም፣ "እሺ" አሉ።

ኦ ማርላ፣ የክፈፍ ጽናት፣ ይሉኝታን በኬክ ትሪ ድል ያደረጉ፣ የዝይ ድምፅ ታጋሽ! ስምዎ ከጎማ ይልቅ በበረዶ ላይ ጸንቶ ይኑር፤ የልጅዎም ጥርስ ወደ ሥርዓቱ ይምጣ። ክላርኔቱ ቀረ፤ አርሎ ሄደ።